ለጨዋታ የተተከለ ድንኳን

በእኛ ሰፈር ድንኳን የሚተከለው ለሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ለሠርግና ለለቅሶ። ሠርግ ከሆነ ሳምንት ቀደም ብሎ ይወራል፣ ሽንኩርት ይከተፋል፣ ልጆች ይንጫጫሉ። ምንም ሳይወራ ድንኳን በሰው ደጃፍ ላይ ድንገት ቆሞ ከታየ ግን ማንም ጠይቆ አያረጋግጥም፤ ነጠላውን አዘቅዝቆ ይመጣል። ይህን የደሴ ሕፃን ሁሉ ያውቃል። እኔ ሃያ ዓመት የሞላኝ፣ ቴክኒክና ሙያ ሁለተኛ ዓመት የደረስኩ፣ ብረት ለክቶ መቁረጥ የማውቅ ሰው ነበርኩ። ያም ሆኖ አንድ ቀን ረሳሁት፤ ያስረሳኝም ጨዋታ ነው።

ጨዋታውን ያመጣው ኮምቦልቻ ይማር የነበረ ጓደኛችን ነው። እንግሊዝኛ ሊያስተምር መጥቶ የተመለሰ አንድ ፈረንጅ የተወው መጽሐፍ እጁ ገባ። ሽፋን የለውም፤ ከገጽ አሥራ ዘጠኝ ነው የሚጀምረው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ሰዎች ከምድር ርቀው ሌላ ፕላኔት ላይ ይኖራሉ። እያንዳንዱ ተጫዋች ከእነዚያ ሰዎች አንዱን ይሆናል፤ አንዱ ደግሞ አጫዋች ሆኖ የሚደርስባቸውን ይተርካል። ተጫዋቹ ምን እንደሚያደርግ ይናገራል፣ ከሉዶ ላይ የወሰድናት ዳይስ ትጣላለች፣ የወጣው ቁጥር መትረፍ አለመትረፉን ይወስናል። መጽሐፉን ያመጣው ጓደኛችን አጫዋች ሆነ፤ ስሙም እዚያው ቀረ፣ አጫዋቹ አልነው። የመጀመሪያዎቹ ገጾች ስለሌሉ ሰዎቹ እዚያ ድረስ ለምን እንደሄዱ አናውቅም ነበር። ብንጠይቀው «ለሥራ ነዋ፤ ሰው ከአገሩ ለሌላ ለምን ይወጣል?» አለና ነገሩን ዘጋው።

ጊዜው የከተማው ወጣት ሁሉ እየተደራጀ ኮብልስቶን የሚፈልጥበት፣ መንገዱ ሁሉ ተቆፍሮ አቧራ የሆነበት ጊዜ ነው። አራት ነበርን፤ አጫዋቹ፣ እኔ፣ ድንጋይ ፈላጭ የሆነ አንድ የሰፈራችን ልጅ፣ እና ቤታቸው የምንጫወትበት የቅርብ ጓደኛዬ። ቤታቸው ከሰኞ ገበያ በስተጀርባ ነው። ደሴ ላይ ሰው ቤቱን የሚሠራው ዳገቱን ቆርሶ ነው፤ የእነሱ ደጃፍ ግን እንዳጋጣሚ ደልዳላ ነበር፣ ኳስ የተማርነውም እዚያ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ አጫዋቹ የሐረጎን ዳገት በሚኒባስ ወጥቶ ይመጣል፤ ከኮምቦልቻ ሙቀት በአንዲት ሸሚዝ ደርሶ ሲንቀጠቀጥ የጓደኛዬ እናት ጋቢ ያለብሱታል።

እኚህን እናት ሁላችንም እትዬ ነበር የምንላቸው። ሦስት ልጆች አሏቸው። ትልቁ በጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ የመጨረሻው ጓደኛዬ ነው። መካከለኛዋ ሴት ልጃቸው ዓረብ አገር ሰው ቤት ለመሥራት ከሄደች ሁለት ዓመት ሆኗታል። በየአሥራ አምስት ቀኑ ትደውል ነበር። ከዚያ መደወል አቆመች። የምተርከው ነገር የሆነው ድምፅዋ በጠፋ በአምስተኛው ወር ነው።

እትዬ ስልካቸውን በመሐረብ ጠቅልለው ደረታቸው ውስጥ ይይዙ ነበር። ባትሪው እንዳያልቅ መብራት በመጣ ቁጥር ይሰኩታል፤ መብራት ከሌለ ጄኔሬተር ያለው ሱቅ ድረስ ይሄዳሉ። «አሠሪዎቿ ቀፎዋን ቀምተዋት ነው» ይላሉ አንድ ቀን። ሌላ ቀን ደግሞ «ቤት ቀይራ ነው፤ ኢንሻአላህ ስትደላደል ትደውላለች» ይላሉ። ማንም ሌላ ነገር እንዲያስብ አይፈቅዱም። አንዲት ጎረቤት ስለ ልጅቷ ስታወራ «ነበረች» ብላ ስላወራች ብቻ ከዚያ ወዲያ ቤታቸው አላስገቧትም። እኔ እፈራቸው ነበር፤ ክፉ ሆነው አይደለም፣ ተስፋቸው እንደ ጥድ እሳት የሚንቦገቦግ ስለነበረ ነው።

ስንጫወት አንዳንዴ በሩ ላይ ቆመው ያዳምጡናል። አንድ ቅዳሜ አጫዋቹን ጠየቁት።

«እነዚያ የምታወሩላቸው ሰዎች፣ እዚያ ኔትወርክ አላቸው?»

አጫዋቹ ሊስቅ ነበር፤ ፊታቸውን ሲያይ ተወው። «አላቸው እትዬ። ግን ድምፁ ምድር እስኪደርስ ወራት ይፈጃል።»

«ይደርሳል ግን?»

«ይደርሳል።»

«ከደረሰ ምን ቸገረ» አሉና ወደ ጓዳ ተመለሱ።

ይህ ከዚያ ቀን ጀምሮ የጨዋታው ሕግ ሆነ። መጽሐፉ ውስጥ የለም፤ እኛ ግን ሁልጊዜ ወደ ምድር የሚላክ መልእክት እንጽፍ ነበር።

የእኔ ሥራ ቤቶቹ ነበሩ። በዚያች ፕላኔት ላይ ሳንባ የሚያቃጥል ነፋስ አለ። አቅጣጫውን በቀየረ ቁጥር ሰዎቹ ሰፈራቸውን ነቅለው፣ ተሸክመው፣ ሌላ ቦታ ሄደው መትከል አለባቸው። የቤቶቹ ሥዕል የነበረበት ገጽ ላይ ሻይ ፈሶበት ምኑም አይታይም። ንድፍ የምማረው እኔ ስለሆንኩ «አንተ ሥራቸው» ተባልኩ። ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤት የሚሰጠኝ የቤት ሥራ ሁሉ ቀረ፤ ስበላም ስተኛም የማስበው ስለ ተነቃይ ቤት ሆነ።

አንዱን ክፍል ጓዳ አልኩት። ርዝመቱ አራት ሜትር፣ ወርዱ ሦስት፤ ሲታጠፍ አራት ሰው ሊሸከመው ይችላል። ሦስት ጓዳ ለመኝታ፣ አንድ ለማብሰያ፣ አንድ ለበሽተኛ፣ አንድ አየር ለሚያጣራው ማሽን። ስድስቱ በመሐል ባለ አንድ ሰፊ ጓዳ ዙሪያ ይቆማሉ፤ አንዱን ከሌላው የሚያገናኘውን ጠባብ መተላለፊያ አንገት አልኩት። ነፋሱ አንዱን ጓዳ ቢቀድደው አንገቱ ይታሰራል፣ ሌላው ይተርፋል። ይህን ሁሉ በቲ-ስኩዌር አስምሬ፣ ልኩን ጽፌ፣ ሰባት ወረቀት ሞላሁ።

ሐሳቡን ያገኘሁት ግን ከሰማይ አይደለም፤ ከአባቴ ነው። አባቴ ብየዳ ቤት ነበረው። የሰፈራችን ቅሬም ንብረት ያዥ ነበር። ሌላ አገር እድር የሚሉትን እኛ ቅሬ እንለዋለን፤ ክርስቲያኑም እስላሙም አንድ ላይ የሚቀባበርበት ነው። የቅሬውን ድንኳን ብረቶች የበየዳቸው አባቴ ራሱ ነው። ከውሃ ቧንቧ ቆርጦ፣ አንዱ ሌላው ውስጥ እንዲሰካ አድርጎ፣ ጫፍ ጫፋቸውን በቀለም ምልክት አደረገባቸው። ቀይ ከቀይ ይገጥማል፣ ቢጫ ከቢጫ፣ ሰማያዊ ከሰማያዊ። ለምን እንዲህ እንደለፋ ስጠይቀው «ሰው የሞተበት ቤት ቆሞ የሚያስብ ሰው የለም፤ ብረቱ ራሱ መንገር አለበት» አለኝ። እኔም ሞት በሚያሯሩጣቸው ሰዎች ቤት ላይ ያንኑ ቀለም ቀባሁ።

እትዬ አንድ ቀን ሥዕሉን ጠረጴዛ ላይ አዩት። ጎንበስ ብለው በጣታቸው ተከተሉት።

«ይሄማ የለቅሶ ድንኳን ነው» አሉ።

«ቤት ነው እትዬ፤ ሰዎቹ የሚኖሩበት።»

«ሰው ድንኳን ውስጥ አይኖርም፣ የኔ ሸጋ። ሟርት ነው። እኔ ቤት እንዲህ ያለ አትሣል።»

ጓደኛዬ አፍሮ ወረቀቱን አጠፈው። እኔ በልቤ የድሮ ሰው ናቸው አልኩ። ከዚያ በኋላ ሥዕሎቹን እሳቸው ሳይኖሩ ብቻ እንዘረጋለን። ነገሩን እንደማይወዱት አውቅ ነበር፤ አላውቅም ማለት አልችልም።

ጠቡ የመጣው በኋላ ነው። አጫዋቹ በአንድ ቅዳሜ ጨዋታ ነፋሱን አመጣብን። ጓዳዎቹን ነቅለን ሸሽተን አዲሱ ቦታ ላይ ልንተክል ስንል አንዱን ለማቆም አንድ ሰዓት ይፈጃል ብሎ ፈረደ። በዚህ ስሌት ነፋሱ ደረሰብንና የእኔን ሰው ገደለው። ለስድስት ወር ያኖርኩት ሰው ነው። ተናደድኩ።

«ሩብ ሰዓት ነው የሚፈጀው፤ ቢበዛ ግማሽ!»

«በወረቀት ላይ የማይቆም ቤት የለም» አለኝ አጫዋቹ።

እልኸኛ ነኝ፤ አባቴም እናቴም ይህን ሲነግሩኝ ነው ያደግሁት። «በወረቀት አይደለም፣ መሬት ላይ አቁሜ አሳይሃለሁ» አልኩት። የቅሬው ድንኳን አንድ ሽንጡ፣ አንዱ ክፍሉ ብቻ ቢተከል ልክ የእኔን ጓዳ ያህላል። የቅሬው ዕቃ ቤት ቁልፍ ቤታችን ምስማር ላይ ነው የተንጠለጠለው። ደልዳላ መሬት ያለው ጓደኛዬ ደጃፍ ነው። የቀረው ነገር እትዬ የማይኖሩበትን ቀን ማግኘት ነበር።

አሁን ወደ ኋላ ሳስበው በዚያ ሰሞን የሆነው ነገር ሁሉ ይጮህ ነበር። ሰሚ ግን አልነበረም።

አባቴ ማንም ሳይጠይቀው ድንኳኑን አወጣና አጠበው። አጥር ላይ ዘርግቶ ሦስት ቀን ሙሉ አደረቀው፤ የደሴ ጭጋግ ቶሎ አያደርቅም። የብረቶቹን ቀለም እንደገና ቀባ። አንድ ሠርገኛ ሊዋሰው መጥቶ «ተይዟል» ብሎ መለሰው። ማን እንደያዘው ብጠይቀው «ሥራህን ሥራ» አለኝ፤ እንዲህ ተናግሮኝ አያውቅም። የቅሬው ዳኛ፣ ከቤታቸው እምብዛም የማይወጡ ሽማግሌ፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት ጊዜ እትዬን «እንዴት ሰነበትሽ» ሊሉ መጡ። ጎረቤቶች ያለ ምክንያት ወጥ እየያዙ ይመላለሱ ጀመር። ያቺ ከቤት የተባረረችው ሴት ሳትቀር መጥታ እግራቸው ላይ ወድቃ ይቅርታ ጠየቀች። እትዬ ደስ አላቸው፤ «ሰው እንዴት እንዲህ ወደደኝ በናታችሁ?» እያሉ ይስቁ ነበር። እናቴ አንድ ቀን እትዬ በደጃችን ሲያልፉ አይታ ዓይኗን ጠራረገች። ምን ሆነሽ ስላት ጭስ ነው አለች። እሳት አልነደደም ነበር።

ይህን ሁሉ አይቻለሁ። ድንኳኑ ታጥቦ ተዘጋጅቶ ሳገኘው «ዕድለኛ ነኝ» አልኩ፤ ያልኩት ይህንን ነው።

ማክሰኞ ቀን ደረሰልን። ከኮምቦልቻ አንዲት መንገደኛ፣ ልጃቸው ወዳለችበት አገር ልትሄድ ነው ተብሎ እትዬ ዕቃ ሊልኩ ተነሡ። በርበሬ፣ በሶ፣ ትንሽ ድርቆሽ። ሰኞ ቀኑን ሙሉ ሲያዘጋጁ ዋሉ። በሶውን በጨርቅ፣ ጨርቁን በፌስታል፣ ፌስታሉን በሌላ ጨርቅ ጠቀለሉት። ማክሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ጓደኛዬ ሚኒባስ አሳፈራቸው፤ ከሰዓት በኋላ ነው የምመለሰው ብለውታል። አባቴ የተሰበረ የወፍጮ ብረት ሊበይድ ደሴ ዙሪያ ሄዷል፤ እናቴም ገበያ ወጥታለች። አጫዋቹ ለዚሁ ጉዳይ ብሎ ከትምህርት ቀርቶ መጣ፤ ሽቅብ ሲወጣ የእትዬ ሚኒባስ ሐረጎ ላይ ቁልቁል ሳያልፈው አልቀረም።

ጭጋጉ የጦሳን ተራራ ሸፍኖ እስከ ቤቱ ጣሪያ ወርዶ ነበር። ብረቱን በሦስት ምልልስ አመጣነው። አጫዋቹ ሰዓቱን ያዘ። «ነፋሱ መጣ!» ብሎ ሲጮህ ጀመርን። ቀይ ከቀይ፣ ቢጫ ከቢጫ። እኔና ድንጋይ ፈላጩ ቋሚዎቹን እንሰካለን፣ ጓደኛዬ ካስማ ይመታል። የአባቴ ሥራ የሚገርም ነበር፤ ብረቱ እውነትም ራሱ ይናገራል። ሸራውን ስንጥለው ገና ሩብ ሰዓት አልሞላም። እየሳቅን ነበር። ጓደኛዬ መዶሻውን እያነሣ እንደዚያ ቀን ሲስቅ አይቼው አላውቅም፤ አምስት ወር ሙሉ በደንብ ስቆ አያውቅም ነበርና እኔም በእሱ ደስታ ደስ አለኝ።

ሁለት ካስማ ሲቀረን ቀና አልኩ። እትዬ ከመንገዱ መታጠፊያ ላይ ቆመዋል።

ጥቅሉ በእጃቸው ነው። በኋላ እንደሰማነው ያቺ ኮምቦልቻ ያለችው መንገደኛ ዕቃውን አልቀበልም ብላለች። መጀመሪያ ኪሎ ሞላብኝ አለች፤ እትዬ በሶውን ብቻ ብለው ሲለምኗት አንገታቸው ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች፣ ምክንያቱን ግን አልነገረቻቸውም። ግራ ተጋብተው በመጣው የመጀመሪያ ሚኒባስ ተመለሱ። ሰፈራቸው ሲደርሱ ደጃፋቸው ላይ ድንኳን ቆሟል።

አልጮኹም። ቀስ ብለው መጡና ጥቅሉን መሬት ላይ አስቀመጡ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ። ጓደኛዬን አዩት፣ መዶሻው በእጁ ነው። እኔን አዩኝ።

«የትኛው ነው?» አሉኝ።

አልገባኝም ነበር። ቆይቶ ነው የገባኝ፤ አንዱ ፊታቸው ቆሟል፣ የሚጠይቁኝ ከቀሩት ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ነው። መንገድ ላይ ያለው ሹፌር ነው ወይስ ዓረብ አገር ያለችው። እናት ስትመርጥ አየሁ ልበል? አልመረጡም፤ እንድነግራቸው ጠበቁ።

«ጨዋታ ነው እማ!» አለ ጓደኛዬ። መዶሻው ከእጁ ወደቀ። «ጨዋታ ነው፣ ምንም አልሆነም!»

«የትኛው ነው?»

ሮጬ እግራቸው ስር ተንበረከክሁ። «ማንም አልሞተም እትዬ። ያቺ የሠራኋት ቤት ናት፣ ልንለካት ነው የተከልናት። ማንም አልሞተም። ወላሂ!»

እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ወሎ ላይ ግን ሰው እንዲያምንህ ስትፈልግ ወላሂ ነው የምትለው። እሳቸው ደግሞ መሐላ አይንቁም። ፊታቸው ላይ የነበረው ነገር ቀስ እያለ ሲለቅቃቸው አየሁት። አየር ሳቡ። ከዚያ ሳቁ፤ እያለቀሱ ሳቁ። በመዳፋቸው ጀርባዬን ሁለት ጊዜ መቱኝ፣ አላመመኝም። «እናንተ ቀሳፊዎች፣ ልትገድሉኝ ነበር እኮ! ያረቢ፣ አልሃምዱሊላህ!» ልጃቸውን ሳቡና አንገቱን ሳሙት። «ንቀሉት፣ ንቀሉት ቶሎ፣ ሰው ሳያየው» አሉን። እንዲያውም ወደ ድንኳኑ ገባ ብለው ጣሪያውን ቀና ብለው አዩ። «ለካ ሰፊ ናት» አሉ።

ሰው ግን አይቶት ነበር። የመጀመሪያዋ ሴት ከታችኛው ቤት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወጣች። ተከትላት ሌላዋ ወጣች። ከዚያ ሦስት፣ አራት፣ ከዚያ መቁጠር ተውኩ። ደረታቸውን እየደቁ፣ የልጅቷን ስም እየጠሩ መጡ። ያኔ ነው አንድ ነገር ያስተዋልኩት። ማን እንደሞተ አንድም ሰው አልጠየቀም። እትዬ እንኳን ከሁለት አንዱን አላወቁም ነበር፤ ጎረቤቱ ሁሉ ግን የሚጠራውን ስም አውቆ መጥቷል።

«ኧረ ተዉ፣ ጨዋታ ነው! ልጆቹ ለጨዋታ ነው!» እያሉ እትዬ በሁለት እጃቸው ይከለክሏቸው ነበር። እየሳቁም ነበር፤ ያንን ሳቅ ዛሬም እሰማዋለሁ።

የቅሬው ዳኛ ምርኩዛቸውን ይዘው ሕዝቡን እየከፈሉ መጡ። እትዬ ፊት ቆሙና እጃቸውን ዘረጉ። «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አሉ። «አብሽሪ ልጄ። አላህ ሶብሩን ይስጥሽ። ሰው ሁሉ መንገደኛ ነው።»

የእትዬ እጅ አየር ላይ እንዳለ ቀረ።

ዳኛው ወደ እኔ ዞረው በዝግታ ተቆጡኝ። «ማነው ዛሬ ትከሉ ያላችሁ? ዓርብ ነው የተባለው። ወንድሟ ከጅቡቲ ሳይመጣ፣ እናትየዋን ማን ሊይዛት ነው? አባትህ አልነገረህም?»

አባቴ አልነገረኝም ነበር። ለጓደኛዬም ማንም አልነገረውም። ወሬው ከደረሰ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። እዚያው አገር የምትሠራ የሰፈሩ ልጅ ደውላ ለዳኛው ነገረች፤ እሳቸው ለሹፌሩ ወንድም፣ ሹፌሩ ለአባቴ። መርዶ በወጉ ነው የሚነገረው፤ ጠዋት፣ የሥጋ ዘመድ አጠገብ ሆኖ፣ ሽማግሌ ባለበት፣ ድንኳኑም ከዚያ በኋላ ነው የሚተከለው። ትልቁ ልጅ ጭነቱን አራግፎ ዓርብ ይደርሳል፣ ከጁምዓ በፊት ይነገራቸዋል ተብሎ ተቆረጠ። እስከዚያ ሆድ ይፍጀው ተባለ። ሆድ ሁሉ ፈጀው፤ ወጥ እያመጣ፣ እንዴት ሰነበትሽ እያለ፣ ድንኳን እያጠበ። እኛ ወጣቶቹ ምስጢር አይዙም ተብለን ተተውን። ሰፈሩ ድንኳኑን ሲያይ ቀኑ ወደ ማክሰኞ ዞሮ ነው፣ እትዬም ሰምተዋል ብሎ አሰበ። ማንም ጠይቆ አያረጋግጥም ብዬ የለ።

እትዬ ዳኛውን ትተው እኔን አዩኝ። ከዚያ ራሳቸውን ወደ መሬት ወረወሩ። ሊይዛቸው የሚችል ትልቅ ወንድ ልጅ አልነበረም። ጓደኛዬና እኔ በሁለት በኩል ያዝናቸው፤ ሲወራጩ ብብቴ ስር የገባው ክርናቸው ለሳምንት አሞኝ ነበር። ጓደኛዬ የሚሆነው ገና አልገባውም፤ «እማ ጨዋታ ነው፣ እማ ጨዋታ ነው» ይላል።

አባቴ ወሬውን መንገድ ላይ ሰምቶ ሲሮጥ መጣ። ይመታኛል ብዬ ነበር። አልመታኝም፣ አላየኝምም። መዶሻውን ከመሬት አንሥቶ የቀሩትን ሁለት ካስማዎች መታ። ነገሩ ከተነገረ፣ ሰውም ከመጣ፣ ድንኳኑ መቆም አለበት። ከዚያ የቀረውን ሽንጥ ሊያመጣ ሄደ፤ አጫዋቹና ድንጋይ ፈላጩ ተከትለውት ሄደው ተሸከሙ። ከእኛ መካከል ማንም ስንት ደቂቃ ፈጀ ብሎ አልጠየቀም። የልጅቷ አስከሬን እዚያው ስለተቀበረ የሚቀበር ነገርም አልነበረም። ሰዉ ድንኳኑ ውስጥ ሦስት ቀን ተቀመጠ፤ ዓርብ ወንድሟ ሲደርስ ለቅሶው ሊበተን ምንም አልቀረውም።

ጨዋታው በዚያው ቀረ። አጫዋቹ መጽሐፉን የት እንዳደረገው አላውቅም፤ ኮምቦልቻ ስንገናኝ ስለሌላ ነገር እናወራ ነበር።

ለይቅርታ የሄድኩት ከአርባ ቀን በኋላ ነው። ቀድሞ መሄድ ነበረብኝ፤ ፈሪ ነኝ፣ አልሄድኩም። እትዬ መደብ ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅሙ ነበር። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል በእጃቸው አገዱኝ።

«ስለ ድንኳኑ ከሆነ ተወው» አሉኝ። «ማክሰኞም ይሁን ዓርብ፣ መስማቴ አይቀርም ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ እያወቁ ያሳቁኝንም ወግ ነው ብዬ ትቼላቸዋለሁ።»

ምስሩን በጣታቸው በተን አደረጉት።

«ጨዋታ ነው ብትሉኝም ጥሩ፤ ልጆች ናችሁ። ልጄም ብሎኛል፣ እሱን አላመንኩትም ነበር። አንተ ስትምል ግን አመንኩህ። ሁሉም ደህና ናቸው ብዬ አላህን አመሰገንኩ። ሞታ ሳለ አመሰገንኩ።» ቀና ብለው አዩኝ። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ በእውነት ሊያውቁ ፈልገው ነው የጠየቁኝ። «የማታውቀውን ነገር ለምን ማልክልኝ?»

ጓደኛዬ ከውስጥ ወጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። እትዬ ትንሽ ጠበቁኝና ተነሡ፤ እጄን አስታጥበው ምሳ አቀረቡልኝ። እኔም ቀና ሳልል በላሁ።